ካሜራው 4:12፣ ራውተሩ 10:19፦ ስለ ሰዓት ማናበብ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ባሕር ዳር፣ ጣና ዳር ካለ አንድ ፔንሲዮን ረፋድ ላይ ሳይክል ተሰረቀ። የካሜራው መቅጃ ሳይክሉ ከበር ሲወጣ 4:12 ይላል። ጥበቃው ደግሞ «እስከ 4:15 በሩ ላይ ነበርኩ፤ ዕቃ አውርድ ተብዬ ስልክ ሲደወልልኝ ነው ጓሮ የሄድኩት» ብሎ ይምላል። ሁላችንም እትዬ የምንላቸው የቤቱ ባለቤት አላመኑትም። እኔ የተጠራሁት ዋይፋይ ላስተካክል ነበር። የራውተሩን ገጽ ከመቅጃው ስክሪን ጎን ሳየው ልዩነቱ 6 ሰዓት ከ7 ደቂቃ ነው። መቅጃው 4:12 ሲል ራውተሩ 10:19 ይላል ማለት ነው።

ስለ ራውተር ሰዓት በየቤቱ የምሰማቸው ነገሮች ብዙዎቹ እዚህች ልዩነት ውስጥ አሉ።

«ዞኑን ካስተካከልኩ ሰዓቱ ተስተካከለ።»

አልተስተካከለም። ራውተሩ ሰዓት የሚያመጣው በኤንቲፒ ነው፤ ዕቃዎች በኔትወርክ ሰዓት የሚጠያየቁበት ደንብ ማለት ነው። ኤንቲፒ የሚያመላልሰው ዓለም አቀፉን ሰዓት፣ ዩቲሲን ብቻ ነው። ዞን ማለት ስክሪኑ ላይ ስንት ተደምሮ ይታይ የሚለው ምርጫ ነው። ለእኛ 3 ሰዓት ይደመራል፤ በቃ።

እዚህ ላይ አንድ የሐበሻ ብልሃት አይቻለሁ። ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ስክሪኑ 9:00 ማለቱ ያናደደው ሰው ዞኑን ቦነስ አይረስ አደረገው። ቦነስ አይረስ ከዩቲሲ በ3፣ ከእኛ በ6 ሰዓት ወደ ኋላ ናት። ስክሪኑ ቁጭ አድርጎ 3:00 አለለት! ሳየው ስቄ ሞትኩ፤ ጎበዝ ነው። ችግሩ ቀኑ ነው። ቀኑ የሚቀየረው ንጋት 12 ሰዓት ላይ ይሆናል። ሌሊት 8 ሰዓት ላይ የሆነ ነገር ሎጉ፣ ማለትም የዕቃው መዝገብ ላይ፣ በትናንት ይመዘገባል። ለአያቶቻችን ልማድ ይመች ይሆናል፤ ከሌላ ዕቃ ሎግ ጋር ሲያስተያዩት ግን ያዞራል። ዞኑ አዲስ አበባ ይሁን፤ 6 መቀነሱን ጭንቅላታችን ይሥራው።

«አንዴ በእጅ ከሞላሁት ይበቃል።»

የእነዚህ ዕቃዎች ሰዓት የሚሄደው በኳርትዝ ክሪስታል ነው። ከሚሊዮን 20 ያህል ቢዛባ በቀን 1.7 ሰከንድ ገደማ ነው። ምንም አይመስልም። የፔንሲዮኑ መቅጃ ግን ከተገጠመ 8 ወሩ ነው፤ ሲባዛ 7 ደቂቃ ይሆናል። 6ቱን ሰዓት ያመጣው የእጅ ሰዓቱን አይቶ የሞላው ገጣሚ ነው። 7ቱን ደቂቃ ክሪስታሉ ቀስ እያለ በላው። ርካሽ ራውተሮች ደግሞ ብዙዎቹ የሰዓት ባትሪ የላቸውም። መብራት ሄዶ ሲመጣ 1970 ላይ ይነቃሉ፤ ያውም በፈረንጅ።

«ሰርቨሩ ሩቅ ከሆነ ሰዓቱ አርፍዶ ይደርሳል።»

ይሄን ከባለሙያም እሰማለሁ። ሰርቨር ማለት ሰዓት የሚጠየቀው ኮምፒውተር ነው። ኤንቲፒ አራት ጊዜ ይመዘግባል፦ ጥያቄው ከእኛ ሲወጣ፣ ሰርቨሩ ጋ ሲደርስ፣ መልሱ ሲነሳ፣ እኛ ጋ ሲገባ። ከዚያ መንገዱ የፈጀውን አስልቶ ያስተካክላል። አዲስ አበባ ከዚህ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ብርሃን በፋይበር ውስጥ 1 ኪሎ ሜትሩን በ5 ማይክሮሰከንድ ያህል ስለሚያልፍ መንገዱ ብቻ 2.5 ሚሊሰከንድ ይበላል። እሱም በስሌቱ ይያዛል።

የሚጎዳው መሄጃና መመለሻው ሲበላለጥ ነው። የዘጌን ጀልባ አስቡ። ደርሶ መልስ 2 ሰዓት ፈጀ ከተባለ መሄጃው 1 ሰዓት ነው እንላለን። ነፋሱ አግዞት ሲሄድ 50፣ ሲመለስ 70 ደቂቃ ፈጅቶ ከሆነ ግን በ10 ደቂቃ ተሳስተናል። ኤንቲፒም የልዩነቱን ግማሽ ይሳሳታል፤ መሳሳቱንም አያውቅም። የቅርብ ሰርቨር የሚመረጠው ለዚህ ነው።

«ስትራተም 1 ሁሌ ይሻላል።»

የስትራተም ቁጥር የሚናገረው ሰርቨሩ ከሰዓቱ ምንጭ ስንት እርከን እንደራቀ ነው፤ ስለ ጥራት አይናገርም። ከጂፒኤስ ወይም ከአቶሚክ ሰዓት ጋር በቀጥታ የተያያዘው 1 ነው። የረጋ 3 መስመሩ ከተጨናነቀ 1 ይሻላል። 16 ካያችሁ ግን ጭራሽ አልተናበበም።

«ሁለት ሰርቨር ካስገባሁ አስተማማኝ ነው።»

ሁለቱ ሲጣሉ ማንኛውን ያምናል? 4 አስገቡ፤ አንዱ ቢሳሳት ሌሎቹ ያጋልጡታል።

«ፒቲፒ ከበራ በናኖሰከንድ ይናበባል።»

ፒቲፒ ከኤንቲፒ ይበልጥ አጥርቶ ሰዓት የሚያናብብ ሌላ ደንብ ነው፤ መጀመሪያ በ2002 በፈረንጅ አይትሪፕልኢ 1588 ተብሎ ነው የወጣው። ጥራቱ የሚመጣው ጊዜው በሃርድዌሩ ላይ ሲመዘገብ፣ በመንገዱ ያሉት ስዊቾችም (የኔትወርክ ገመዶችን የሚያገናኙት ሳጥኖች) ፒቲፒን ሲያውቁት ነው። መሃል ላይ አንድ ተራ ስዊች ከገባ ወረፋው ሁሉን ያበላሻል። ሌላም ጉድ አለ፤ ፒቲፒ በተለምዶ የሚያመላልሰው ታይ የሚባለውን ዓለም አቀፍ የአቶሚክ ሰዓት ሲሆን ከዩቲሲ 37 ሰከንድ ይቀድማል። ልዩነቱ ያልተነገረው ዕቃ 37 ሰከንድ ፈጥኖ ይገኛል። በ1.5 ማይክሮሰከንድ ውስጥ መናበብ ላለባቸው የሞባይል ማማዎች ልፋቱ ያዋጣል። ለፔንሲዮን ኤንቲፒ ይተርፋል።

መቅጃው ሰዓቱን ከራውተሩ እንዲወስድ አደረግኩ። ራውተሩ ሰዓት የሚሰጠው ለግቢው ዕቃ ብቻ ነው፤ ኤንቲፒ የሚገባበት በር፣ ዩዲፒ 123፣ ለውጭ ጠያቂ ተዘግቷል፤ ክፍት ከተተወ ሰው ማጥቂያ ያደርገዋል። ከዚያ የሳይክሉ 4:12 ላይ 7 ደቂቃ ጨመርን፤ 4:19። የጥበቃው ስልክ ላይ ጥሪው የገባው 10:15 ነው። እትዬ ስልኩን ተቀብለው ሁለቴ አዩት። «በል ና፣ ቡና ጠጣ» አሉት።