ሳን ፔድሮ ዴ አታካማ፦ በውሃ ተራ የምትኖር ከተማ

በሰሜን ቺሊ፣ ከዓለም እጅግ ደረቅ ከሚባሉት በረሃዎች በአንዱ መሃል፣ ሰው ቦይ ቆፍሮ በቆሎ የሚያበቅልባት ትንሽ ከተማ አለች። ስሟ ሳን ፔድሮ ዴ አታካማ ነው። ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። ቅርቧ ያለው ትልቅ ከተማ ካላማ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። በ2017 በተደረገው ቆጠራ በወረዳው በሙሉ የተመዘገበው ሰው 10,996 ብቻ ነበር። (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ስለ ሳን ፔድሮ ሲወራ ብዙ ጊዜ የሚነሳው አሸዋው፣ እሳተ ገሞራውና የሌሊት ሰማዩ ነው። እኔ ግን ከውሃው መጀመር ይሻላል ባይ ነኝ። የከተማዋ ታሪክና አየር ንብረት የሚገናኙት እዚያ ላይ ነው።

ድርቀቱን ያመጡት ነገሮች ተደራርበው ነው። በምሥራቅ በኩል የአንዲስ ተራሮች ከአማዞን የሚነሳውን እርጥብ አየር ይገድቡታል። ደመናው ዝናቡን ከተራራው ወዲያ አራግፎ ይቀራል። በምዕራብ በኩል ደግሞ ሃምቦልት የሚባለው ቀዝቃዛ የባሕር ጅረት የፓስፊክን ዳርቻ ያቀዘቅዘዋል። ቀዝቃዛ አየር ወደ ላይ አይነሳም፤ ካልተነሳ ደግሞ ዝናብ ያዘለ ደመና አይሠራም። በዚያ ላይ ከውቅያኖሱ በላይ የሚቆየው ከፍተኛ ግፊት አየሩን ወደ ታች ይጫነዋል። በዓመት የሚጥለው ዝናብ ተጠራቅሞ ከጥቂት አስር ሚሊ ሜትር አያልፍም።

ቀኑ ፀሐይ ነው። በሞቃቱ ወራት እኩለ ቀን ላይ 25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ይደርሳል። ለበረሃ ይህ ብዙ አይደለም፤ ከፍታው ያለዝበዋል። ፀሐይ ስትጠልቅ ግን ሙቀቱን ይዞ የሚያቆይ ደመናም እርጥበትም የለም። ብርዱ ከተፍ ይላል። በጁንና በጁላይ ሌሊቱ ከዜሮ በታች ይወርዳል።

ያችው ጥቂት ዝናብ የምትመጣው ከምሥራቅ ነው። ከዲሴምበር እስከ ማርች፣ በተለይ በጃንዋሪና በፌብሩዋሪ፣ እርጥብ አየር ተራራውን ተሻግሮ ይዘልቃል። የአገሩ ሰው ይህን ወቅት በስፓኒሽ «የደጋው ክረምት» ይለዋል። በደቡቡ የዓለም ክፍል እነዚህ ወራት የሙቀት ጊዜ ስለሆኑ ስሙ የአውሮፓ እንግዳን ግራ ያጋባል። ለአማርኛ ተናጋሪ ግን ማስረዳት አያስፈልግም፤ ለእኛም ክረምት ማለት ዝናብ ነው። ከተማዋ ላይ ቢዘንብ ለጥቂት ቀን ነው። ከላይ ተራራው ላይ ዶፍ ሲወርድ ግን ወንዙ ደፍርሶ ይመጣል። ቦይ ይደረምሳል፣ መንገድ ይቆርጣል። አብዛኛው ቤት ከጭቃ የተሠራ ነውና ጥቂት ሰዓት አጥብቆ ከዘነበ ጣሪያው ያፈሳል፣ ግድግዳው ይሟሟል።

እርሻው የቆመው በዚህ ዝናብ አይደለም። ከከተማዋ ማዶ፣ ቦሊቪያ ድንበር ላይ፣ ሊካንካቡር የተባለው እሳተ ገሞራ 5,916 ሜትር ላይ ቆሟል። በተራሮቹ ላይ የሚጥለው በረዶና ዝናብ መሬት ውስጥ ሰርጎ፣ ምንጭ ሆኖ፣ በሳን ፔድሮና በቪላማ ወንዞች ይወርዳል። ወንዞቹ ትንንሽ ናቸው። ባሕር አይደርሱም። ከከተማዋ በታች የተንጣለለው የአታካማ ጨው ሜዳ ይውጣቸዋል። ውሃው ራሱም ችግር አለበት። ከሳን ፔድሮ ወንዝ ገባሮች የአንዱ ስም ሪዮ ሳላዶ፣ ማለትም ጨዋማው ወንዝ ነው። ከእሳተ ገሞራው ምድር የሚመጣ አርሰኒክም አለበት።

ይህን ውሃ የሚካፈሉት አይዩ የሚባሉ ሰፈሮች ናቸው። አይዩ ሰፈር ብቻ አይደለም፤ መሬትና ውሃ በጋራ ያለው የዘመዳሞች ስብስብ ነው። ኪቶር፣ ሶሎር፣ ላራቼና ኮዮ ከእነዚህ መካከል ናቸው። ውሃው በተራ ይደርሳል። ተራው የደረሰው ገበሬ የቦዩን መዝጊያ ከፍቶ ወደ ማሳው ይለቀዋል፤ ሰዓቱ ሲያልቅ ዘግቶ ለጎረቤቱ ያስተላልፋል። የሚያበቅሉት በቆሎ፣ አልፋልፋ፣ በለስና ፒር ነው። በማሳው ዳር አልጋሮቦ የሚባለው ዛፍ ይቆማል። ፍሬው እንደ ባቄላ ዘለላ ነው፤ ይፈጫል፣ መጠጥም ይጠመቅበታል። በአፋር የግጦሽ መሬት የወረረው ፕሮሶፒስ የዚህ ዛፍ ዘመድ ነው። እዚያ ያስመረረው ዛፍ እዚህ ጥላና ምግብ ነው።

ይህ ኑሮ ብዙ ሺህ ዓመት ያስቆጠረ ነው። ባለቤቶቹ አታካሜኞ ወይም ሊካን አንታይ የሚባሉት ሕዝቦች ናቸው። ከከተማዋ ወጣ ብላ ቱሎር የምትባል ጥንታዊ መንደር አለች። ክብ ክብ የጭቃ ቤቶቿ ግድግዳቸው ተያይዞ የተሠሩ ናቸው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በነበሩት መቶ ዓመታት ሰው ይኖርባት ነበር። ኋላ አሸዋው ገፍቶ መጣ። የቀበራት አሸዋ እስከ ዛሬም ጠብቆ አቆያት። ከክርስቶስ ልደት በኋላ ከ500 እስከ 1000 ገደማ ደግሞ ከቲቲካካ ሐይቅ አጠገብ ከነበረው ቲዋናኩ ከተባለው ጥንታዊ መንግሥት ጋር ብርቱ ግንኙነት ነበር። ንግዱ የሚሄደው በላማ ጭነት ነበር።

በ12ኛው ክፍለ ዘመን አካባቢ ከሳን ፔድሮ ወንዝ በላይ፣ ገደሉ ላይ፣ የኪቶር ምሽግ ተሠራ። ቦታው ያለ ምክንያት አልተመረጠም። ወንዙ ወደ እርሻው የሚገባበትን በር ከላይ ሆኖ ያያል። በ15ኛው ክፍለ ዘመን ኢንካዎች መጡና ካታርፔ በተባለ ቦታ ላይ የአስተዳደር ማዕከል አቆሙ። በ1536 የስፔን ወራሪ ጦር መሪ የነበረው ዲዬጎ ዴ አልማግሮ ከቺሊ ሲመለስ በዚህ አለፈ። በ1540 ሌላው ስፔናዊ ፍራንሲስኮ ዴ አጊሬ ኪቶርን በኃይል ያዘ። በዚያው ዓመት የስፔኑ አዛዥ ፔድሮ ዴ ቫልዲቪያ ወደ ደቡብ ሲወርድ እዚህ አረፈ። የበረሃውን መንገድ የያዘ ሁሉ ውሃ ያለባት ይህች ቦታ ላይ መቆም ነበረበት።

የስፔን ዘመን ካቆያቸው ነገሮች እኔን የሚይዘኝ ቤተ ክርስቲያኑ ነው። አሁን ያለው ሕንጻ የ18ኛው ክፍለ ዘመን ሥራ ሲሆን በ1951 ብሔራዊ ቅርስ ተብሏል። ግድግዳው በኖራ የተለሰነ የጭቃ ጡብ ነው። እንጨት እንደ ልብ በማይገኝበት አገር ጣሪያው በምን ይሠራ? ካርዶን በሚሉት ረጅም ቁልቋል ነው የሠሩት። ካርዶን ሲደርቅ ሳንቃው ወንፊት ይመስላል፤ በቀዳዳዎች የተሞላ ነው። ሳንቃዎቹን ያሰሩት በሚስማር ሳይሆን በጠፍር ነው።

በ1781 በፔሩና በቦሊቪያ ደጋ በስፔን አገዛዝ ላይ የተነሳው አመጽ በቶማስ ፓኒሪ መሪነት እዚህም ደረሰ። ከ1825 በኋላ አካባቢው የቦሊቪያ ሆነ። በ1879 በተጀመረው የፓስፊክ ጦርነት ቺሊ ያዘችው፤ የ1904ቱ ውል አጸደቀላት። ባንዲራ ተቀያየረ፣ የውሃው ተራ ግን ቀጠለ። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ በበረሃው የናይትሬት ማዕድን የሚሠሩት ሠራተኞች ሥጋ ይፈልጉ ነበር። ከአርጀንቲናዋ ሳልታ የሚነዳው ከብት አንዲስን አቋርጦ፣ ከስቶ ሳን ፔድሮ ይደርሳል። እዚህ አልፋልፋ በልቶ፣ ነፍስ ዘርቶ ጉዞውን ይቀጥላል። የናይትሬቱ ገበያ ሲወድቅ ንግዱም ቀዘቀዘ።

በ1955 ጉስታቮ ለ ፔጅ የተባለ የቤልጂየም ኢየሱሳዊ ቄስ መጣ። መቃብር እየቆፈረ የሰበሰበው ቅርስ የከተማዋ ሙዚየም ሆነ። ታሪኩን ለዓለም ያሳወቀው እሱ ነው፤ የአያቶቻቸውን አስከሬን ከመቃብር ሲያወጣ ግን ብዙ የአገሩ ሰው ቅር ተሰኝቷል። ከማኅበረሰቡ በመጣ ጥያቄ አስከሬኖቹ በ2007 ከእይታ ተነስተዋል። ትክክል ነበር እላለሁ።

ዛሬ ድርቀቱ ራሱ ሀብት ሆኗል። ከከተማዋ በላይ፣ 5,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ባለው የቻክናንቶር ሜዳ፣ በ2013 የተመረቀው አልማ የተባለ የሥነ ፈለክ ጣቢያ 66 አንቴናዎች አሉት። እርጥበት ከሰማይ የሚመጣውን ሞገድ ስለሚውጥ፣ ደረቁ አየር ለሥራው ተመራጭ ነው። የጨው ሜዳው ደግሞ ለባትሪ የሚውለው ሊቲየም አለበት። ጨዋማው ውሃ ከመሬት ተስቦ በሰፋፊ ኩሬዎች ይንጣለልና ፀሐይ ታተነዋለች። የተነነው አይመለስም። ቱሪስቱም ሻወር ይፈልጋል፣ ሆቴሉም ውሃ ይጠቀማል። የአታካሜኞ ማኅበረሰቦች ለዓመታት ሲከራከሩ የቆዩት ይህንኑ ይዘው ነው።

ኩንሳ የሚባለው የሕዝቡ ቋንቋ ዛሬ አፉን የፈታበት ሰው የለም። ሙሉ በሙሉ ግን አልጠፋም። ከሳን ፔድሮ በስተደቡብ ባለችው በሶካይሬ መንደር በኦክቶበር ሰዉ አካፋውን ይዞ ይወጣል። ዓመቱን ሙሉ ደለል የሞላውን ቦይ ይጠርጋል። ሲጨርስ ታላቱር የሚባለውን ዜማ በኩንሳ እያዜመ ተራሮቹን ይማጸናል፣ ውሃ ይለምናል። ውሃ በኩንሳ ፑሪ ነው።