ማሊያ ክፉ ናት ወይስ አይደለችም?

ሩንኩዌስት የተባለውን፣ ተጫዋቾች ገጸ ባሕርይ ወክለው የሚጫወቱትን ጨዋታ ግሎራንታ በሚባለው ምናባዊ ዓለም መጫወት የጀመሩ ሰዎች ስለ በሽታ እናት ስለ ማሊያ ደጋግመው ይህን ይጠይቃሉ። ግራ የሚያጋባው ሁለት ጥያቄ አንድ ላይ ስለሚጨፈለቅ ነው፤ አንዱ ስለ አምላኳ፣ ሌላው መሥዋዕት ስለሚያቀርቡላት ሰዎች።

ስለ እሷ ያለው ግልጽ ነው። ሩንኩዌስት እንደ ሌላው የዚህ ዓይነት ጨዋታ እንደ ደንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ «ደግ» ወይም «ክፉ» የሚል ምድብ የለውም። ቢሆንም በአፈ ታሪኩ ማሊያ ቴድና ራግናግላር ከሚባሉ አማልክት ጋር አብራ ዲያብሎሱን ዋክቦዝን ወደ ዓለም ያመጣች ናት። ይህን ማስተባበል አይቻልም።

ሰዎቹ ግን ሌላ ጉዳይ ናቸው። ልጇ በትኩሳት የምትቃጠል ገበሬ አስቡ። በግ ጎትታ ትመጣና ለማሊያ ታርዳለች። የምትለምነው «ነይልኝ» ብላ አይደለም፤ «ምስሽን ውሰጂ፣ ልጄን ተዪልኝ» ብላ ነው። ይህቺ ሴት የማሊያ ተከታይ አይደለችም፤ ፈርታ ነው። ብሩ የሚባሉት የእንስሳ ራስ ያላቸው ፍጡራን ደግሞ ያችኑ አምላክ የሚያመልኩት በሽታውን ተሸክመው ለሌላው ለማዛመት ነው። ገበሬዋን ከእነሱ ጋር ደምሮ «የኬኦስ (ዓለምን የሚያጠፋው ኃይል) አገልጋይ» ብሎ መግደል፣ በእኔ እምነት፣ ትልቅ በደል ነው።

ከቡድን ቡድን የሚለያየው ማሊያ ሆን ብላ ትጎዳለች ወይስ ባሕርይዋ ሆኖባት ነው የሚለው ነው። እሱን ጨዋታውን የሚመራው ሰው ይወስናል፤ ስለዚህ ሳትጀምሩ ጠይቁት።