በማግሥቱስ ማን አለ?

ሰላም ለእናንተ ይሁን ወንድሞቼና እህቶቼ። ልቤ ላይ የቆየ ነገር ላካፍላችሁ ነው፣ ትንሽ ረዘም ይላል ግን ታገሱኝና አንብቡት፣ በተለይ ወጣቶች ላይ የምታገለግሉ፣ በተለይ ደግሞ ቤታችሁ ውስጥ ከሱስ ጋር የሚታገል ልጅ ወይ ወንድም ወይ ባል ያላችሁ።

ሉቃስ 10 ላይ ያለውን የደጉን ሳምራዊ ታሪክ ከልጅነታችን ጀምሮ ሁላችንም እናውቀዋለን። ከኢየሩሳሌም ወደ ኢያሪኮ ሲወርድ የነበረውን ሰው ወንበዴዎች ደብድበው ጥለውት ሄዱ፣ ካህኑ አይቶ አለፈ፣ ሌዋዊውም አይቶ አለፈ፣ ሳምራዊው ግን አዘነለት፣ ቁስሉን አሰረለት፣ በራሱ አህያ ላይ አስቀምጦ ወደ እንግዶች ማደሪያ ወሰደው። ስብከታችን ብዙ ጊዜ እዚህ ጋ ያልቃል፣ እኔም እዚህ ጋ አቁሜ ስንት ጊዜ አስተምሬዋለሁ። ግን ቁጥር 35ን እስኪ ረጋ ብላችሁ አንብቡት። «በማግሥቱም» ብሎ ነው የሚጀምረው።

በማግሥቱም! ሰውየው አደረ ማለት እኮ ነው። ቁስለኛውን በር ላይ አውርዶ አልሄደም፣ ሌሊቱን እዛው ነበረ፣ ሲያቃስት ሰምቷል፣ ምናልባት ውሃ ሲያጠጣው አድሯል። ጠዋት ሲወጣ ደግሞ ሁለት ዲናር ለማደሪያው ባለቤት ሰጠና ጠብቀው አለው፣ ከዚህ በላይ ካወጣህም ስመለስ እከፍልሃለሁ አለው። በዛ ዘመን አንድ ዲናር የአንድ ቀን የሠራተኛ ደሞዝ ነው (ማቴ 20፥2 ላይ ታገኙታላችሁ)፣ ስለዚህ የሁለት ቀን ድካሙን ለማያውቀው ሰው አስቀምጦ ሄደ። እኔን ግን የያዘኝ ገንዘቡ አይደለም፣ «ስመለስ» የምትለዋ ቃል ናት። ተመልሶ ሊመጣ አስቧል።

ይሄ ቃል ለምን እንደያዘኝ ልንገራችሁ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ነው፣ ለብዙ ጊዜ በመጠጥ ሱስ ታስሮ የነበረ አንድ ወጣት እሁድ ቀን መድረክ ላይ ወጥቶ መሰከረ፣ ጌታ ነጻ አወጣኝ አለ፣ ጉባኤው በሃሌ ሉያ ተናወጠ፣ እናቱ ተንበርክካ አለቀሰች፣ እኔም አቀፍኩትና ስልኬን ሰጠሁት፣ በፈለከኝ ሰዓት ደውል አልኩት። ሐሙስ ማታ ደወለ። ሦስት ጊዜ። ስልኬ ሳይለንት ላይ ሆኖ ፊት ለፊቴ ጠረጴዛው ላይ ነበር፣ መብራቱ ሲበራ አይቻለሁ፣ ስሙንም አንብቤዋለሁ፣ ግን የእሁዱን ትምህርት እያዘጋጀሁ ስለነበር ነገ እደውልለታለሁ ብዬ ስልኩን በግንባሩ ደፋሁት። ጠዋት ስደውል ዝግ ነው። አራት ወር አላገኘነውም።

ጌታ ይመስገን ተመለሰ። ከስቶ፣ እጁ እየተንቀጠቀጠ፣ የሰጠሁትን የውሃ ብርጭቆ በሁለት እጁ ይዞ እንዲህ አለኝ፣ «ጋሼ፣ የዛን ቀን መጠጣት ፈልጌ አልነበረም እኮ የደወልኩልዎት። ላለመጠጣት ነው የደወልኩት። ሐራራው ሲመጣ ለዘላለም የሚቆይ ይመስላል እንጂ ግማሽ ሰዓት ቢያወሩኝ ያልፍ ነበር።» ምንም መልስ አልነበረኝም፣ ይቅርታ ብቻ ጠየቅኩት።

እና ከዛ ቀን ጀምሮ እኛ አማኞች የእሁዱን ቀን እንደምንወድ፣ ሐሙስ ማታ ላይ ግን እንደማንገኝ ማየት ጀመርኩ። የነጻነቱን ምስክርነት እንሰማለን፣ እናጨበጭባለን፣ ቪዲዮውን ፖስት እናደርጋለን፣ ከዛ ሰውየው ብቻውን ወደ ቤቱ ይሄዳል፣ ቤቱ ደግሞ ያው ቤት ነው፣ ስልኩ ውስጥ ያሉት ቁጥሮች ያው ናቸው፣ የሚያልፍበት መንገድም ያው ነው።

ጌታ ኢየሱስ ማቴዎስ 12 ላይ የተናገረውን አስታውሱ። ርኩስ መንፈስ ከሰው ከወጣ በኋላ ወደ ቤቴ እመለሳለሁ ብሎ ሲመጣ ቤቱን ባዶ ሆኖ፣ ተጠርጎ፣ አጊጦ ያገኘዋል፣ ሌሎች ሰባት ይዞ ይገባል። እዚህ ጋ ቤቱ ንጹህ ነው፣ ችግሩ ቆሻሻ አይደለም፣ ችግሩ ባዶነት ነው። አንድ ሰው መጠጡን ወይ ሲጋራውን ወይ ቁማሩን ሲያቆም ሱሱ ብቻ አይደለም የሚቀርበት፣ ጓደኞቹም ይቀራሉ፣ ማታ ማታ የሚሄድበት ቦታ ይቀራል፣ ቅዳሜውን የሚያሳልፍበት ነገር ሁሉ ይቀራል። ሱስ የሰውን ሰዓት ሁሉ ነው የሚይዘው። ስለዚህ አቁም ብለን ብቻ ስንተወው ባዶ ቤት አስረክበነው ሄድን ማለት ነው። ቤቱን የሚሞላው ቃሉና መንፈሱ ነው፣ አሜን፣ ግን ቃሉም ወደ ሰው የሚደርሰው አብዛኛውን ጊዜ በሰው በኩል ነው።

ስለ አንድ ነገር ደግሞ በግልጽ ልናገር ምክንያቱም ሰው ሊሞት ይችላል። ለረጅም ጊዜ በየቀኑ ብዙ ሲጠጣ የኖረ ሰው በአንዴ ሲያቆም ሰውነቱ ሊናወጥ ይችላል፣ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት የሚጥል በሽታ ዓይነት መንቀጥቀጥ ሊመጣበት ይችላል፣ ከ48 እስከ 96 ሰዓት ባለው ጊዜ ደግሞ ትኩሳት፣ መቀባዠር፣ የሌለ ነገር ማየት ሊከተል ይችላል፣ ይሄ ካልታከመ ይገድላል። እባካችሁ እንዲህ ያለውን ሰው ጾም ጸሎት ላይ አስገብታችሁ ብቻውን ክፍል አትዝጉበት፣ እየጸለያችሁ ሐኪም ቤት ውሰዱት። ሌላም አለ፣ እንደ ሄሮይን ያለ ዕፅ ለወራት አቁሞ የነበረ ሰው ሲያገረሽበት የድሮውን ያህል ከወሰደ ሰውነቱ ስለረሳው ሊሞት ይችላል። መድኃኒት መውሰድ የእምነት ማነስ አይደለም። የሳምራዊውን ታሪክ የጻፈልን ሉቃስ ብቻ ነው፣ ሉቃስ ደግሞ ቆላስይስ 4፥14 እንደሚለው ሐኪም ነው።

አሁን ከታሪክ አንድ ነገር ላምጣ። በ1935 እ.ኤ.አ. ቢል ዊልሰን የሚባል አሜሪካዊ፣ መጠጥ ካቆመ ጥቂት ወራት የሆነው፣ ለሥራ ወደ አክረን ኦሃዮ ሄዶ ሥራው ከሸፈበት። ሆቴሉ አዳራሽ ውስጥ ብቻውን ቆሟል፣ በአንድ በኩል የመጠጥ ቤቱ ሳቅና ጫጫታ ይሰማል፣ በሌላ በኩል ስልክ አለ። ወደ ስልኩ ሄደ። የአብያተ ክርስቲያናት ዝርዝር አይቶ ለአንድ ቄስ ደወለ፣ የጠየቀው ግን «ጸልዩልኝ» ብሎ አይደለም፣ የማናግረው ሌላ ሰካራም ፈልጉልኝ ነው ያለው! በዛ በኩል ቦብ ስሚዝ ከሚባል ሐኪም ጋር አገናኙት፣ ዶክተሩ ራሱ በመጠጥ የተያዘ ነው፣ ለሩብ ሰዓት ብቻ ብሎ ተቀምጦ ለሰዓታት አወሩ። ደስ የሚለኝ ግን ቀጥሎ ያለው ነው። ዶክተሩ ከዛ በኋላ ወደ አንድ የሐኪሞች ስብሰባ ሄዶ ወደቀ፣ ጠጣ። ቢል አልተወውም። ዶክተሩ በዛው ዓመት ሰኔ ወር ላይ የመጨረሻውን ጠጣ፣ እስኪሞት ድረስ አልነካውም፣ ከእነዚህ ሁለት ሰዎች አልኮሆሊክስ አኖኒመስ የሚባለው፣ ከመጠጥ ሱስ የሚታገሉ ሰዎች እርስ በርስ የሚደጋገፉበት፣ ዛሬ ዓለምን ያዳረሰው ኅብረት ተጀመረ። በ2020 እ.ኤ.አ. 27 ጥናቶችን፣ ከ10,000 በላይ ሰዎችን ያካተተ ግምገማ ወጥቶ ነበር፣ እንዲህ ባለ ኅብረት መንገድ የሄዱ ሰዎች ሙሉ በሙሉ አቁሞ በመቆየት ከሌሎቹ የምክር አገልግሎቶች የተሻለ ውጤት አሳይተዋል። እንግዲህ ያዕቆብ 5፥16 «እርስ በርሳችሁ በኃጢአታችሁ ተናዘዙ... እያንዳንዱ ስለ ሌላው ይጸልይ» ካለ ስንት ዘመኑ ነው፣ እኛ ጋ ግን ሰው ደካማነቱን ከነገረን ማታውን የጸሎት ርዕስ ሆኖ ቴሌግራም ግሩፕ ላይ ይገኛል። ይሄ በጣም ያሳዝነኛል። ሚስጥር የማይጠብቅ ኅብረት ውስጥ ማንም ቁስሉን አይከፍትም።

ወደ ልጆቹ ልምጣ። ወጣት ሱስ ውስጥ ገብቶ ከምናወጣው ሳይገባ ብንደርስለት ይሻላል፣ ከ15 ዓመት በፊት መጠጥ የጀመሩ ሰዎች ከ20 በኋላ ከጀመሩት ይልቅ በሱስ የመያዝ ዕድላቸው አራት እጥፍ ገደማ ሆኖ ተገኝቷል። የአእምሮው ፍሬን የምንለው ክፍል እስከ 25 ዓመት አካባቢ ገና እየበሰለ ነው። እና ምን እናድርግ ስንል ሁልጊዜ ኮንፈረንስ ነው የምናዘጋጀው፣ «ወጣትነትና ሱስ» ብለን ባነር ሰቅለን። ኮንፈረንስ መጥፎ ነው አላልኩም። ግን ቢግ ብራዘርስ ቢግ ሲስተርስ የሚባለው ድርጅት አንድን ልጅ ከአንድ ትልቅ ሰው ጋር ያገናኛል፣ በ1995 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት ወደ 960 የሚጠጉ ልጆችን ለአንድ ዓመት ተኩል ተከታትሎ ሜንተር ያገኙት ልጆች ካላገኙት ይልቅ ዕፅ የመጀመር ዕድላቸው በ46%፣ መጠጥ የመጀመር ደግሞ በ27% ቀንሶ ነው ያገኘው። ምን አስተማሯቸው ብትሉኝ፣ ስለ ዕፅ ትምህርት ለመስጠት አልነበረም የተቀመጡት! በወር ሦስት ጊዜ ያህል እየተገናኙ ኳስ ተጫወቱ፣ ተራመዱ፣ አወሩ፣ በቃ።

ግን ተጠንቀቁ፣ የዚሁ ፕሮግራም ልጆች ላይ በኋላ የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ ከዓመት በላይ የቆየው ግንኙነት ብዙ ሲጠቅም፣ በሦስት ወር ውስጥ የተቋረጠው ግን ልጁ ለራሱ ያለውን ግምት እንደጎዳ አሳይቷል። አንድ ጊዜ የተተወን ልጅ ድጋሚ መተው ማለት ነው። ስለዚህ ጉባኤ ላይ ስሜት ነክቷችሁ እጃችሁን ከማውጣታችሁ በፊት «ዓመት እቆያለሁ ወይ?» ብላችሁ ራሳችሁን ጠይቁ። የማትችሉ ከሆነ ነውር የለውም፣ ወንበር አስተካክሉ፣ የትራንስፖርት ሸፍኑ፣ ለእናቱ ደውሉላት፣ የሱሰኛ እናት ማን ይደውልላታል? ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባል የለ፣ ሁላችንም ሜንተር መሆን የለብንም።

የምትሆኑ ደግሞ ይሄን ጠብቁ፣ ልጁ ገና ከ18 በታች ከሆነ ወላጅ ይወቅ፣ ሰው በሚያያችሁ ቦታ ተገናኙ፣ ብቻችሁን አትሁኑ፣ ሁለት ትልልቅ ሰዎች ብትሆኑ ይመረጣል፣ ሴቶቹን እህቶች ይያዙ። ልጆችን ሊጎዳ የሚፈልግ ሰው በመንፈሳዊ ስም ስለሚገባ ይሄ ጥርጣሬ ሳይሆን እረኝነት ነው። ገንዘብ በእጅ አትስጡ፣ የሚያስፈልገው ነገር ካለ ራሳችሁ ክፈሉለት።

«ግን እኮ ስንት ጊዜ ረዳነው፣ ደግሞ ወደቀ» የምትሉ አላችሁ፣ ድካማችሁ ይገባኛል። ማርቆስን አስቡት። ሐዋርያት ሥራ 13፥13 ላይ ጳውሎስንና በርናባስን ጥሎ ወደ ኢየሩሳሌም ተመለሰ፣ በቀጣዩ ጉዞ ጳውሎስ ይሄን ሰው አልወስድም አለ፣ በርናባስ እወስዳለሁ አለ፣ እስከ መለያየት ተጣሉበት። በርናባስ ይዞት ወደ ቆጵሮስ ሄደ። እዛ ምን እንዳወሩ አልተጻፈም፣ ስንት ዓመት እንደፈጀም አልተጻፈም። የተጻፈው ጳውሎስ ሊሞት ሲል 2ኛ ጢሞቴዎስ 4፥11 ላይ ማርቆስን አምጣልኝ ለአገልግሎት ይጠቅመኛል ማለቱ ነው። እኔ ያንን ያልተጻፈውን ጊዜ አስባለሁ። በርናባስ ባይኖርስ?

የኛን ልጅ ነገር ልጨርስላችሁ። ከተመለሰ በኋላ አምስት ሆነን ሰዓት ተካፈልን፣ ማታ ማታ በየተራ አንዳችን ስልካችን ክፍት ይሆናል፣ እሱም ማን ተረኛ እንደሆነ ያውቃል። የድሮዎቹን ቁጥሮች ፊታችን ቁጭ ብሎ አጠፋቸው፣ አንዱ ላይ ሲደርስ ጣቱ ቆመ፣ ረጅም ጊዜ ቆመ፣ ማንም አልተናገረም፣ ከዛ አጠፋው። እሁድ ከፕሮግራም በፊት ወንበር የመደርደር ሥራ ሰጠነው፣ ቀላል ነገር ይመስላል ግን እሱ ካልመጣ ሰው የሚቀመጥበት የለም። ከዛ በኋላም ሁለቴ አገርሽቶበታል፣ ሁለቴም ራሱ ደውሎ ነገረን።

ባለፈው ሳምንት ማታ ተኝቼ ስልኬ ጮኸ፣ እሱ ነው፣ ልቤ ደነገጠ፣ ምን ሆንክ አልኩት። «እኔ ደህና ነኝ ጋሼ» አለኝ፣ «አብሮኝ ወንበር የሚደረድረው ልጅ ደውሎልኝ ነው፣ ቤት መግባት ፈርቷል፣ እናቱንም አናግሬያታለሁ። ብቻዬን ላገኘው አልፈለኩም፣ ይመጣሉ?» ጫማዬን እየፈለግኩ «መንገድ ላይ ነኝ» አልኩት።