ምርጫ በደም ሲታጠብ የውጭ ኃይል መግባት ይችላል?

ደሴ ፒያሳ ቡና ላይም ሆነ እዚህ ግሩፑ ላይ ይሄ ጥያቄ እየተመላለሰ ስለሆነ ሕጉን ባጭሩ ላስረዳ።

የተባበሩት መንግሥታት ቻርተር አንዱ አገር በሌላው ላይ ኃይል እንዳይጠቀም ይከለክላል። ራስን መከላከልን እንተወውና፣ በሩን የሚከፍተው የጸጥታው ምክር ቤት ነው። ከ15 አባላት 9 ድምፅ ያስፈልጋል። ከአምስቱ ቋሚ አባላት አንዱ ከተቃወመ ግን አለቀ።

ዚምባብዌን እንይ። በ2008 እ.ኤ.አ. የተቃዋሚው መሪ ሞርጋን ቻንጊራይ ደጋፊዎቻቸው ሲደበደቡና ሲገደሉ ከፕሬዚዳንታዊው ምርጫ ሁለተኛ ዙር ራሳቸውን አገለሉ። ፕሬዚዳንት ሙጋቤ ያለ ተፎካካሪ ሥልጣን ላይ ቀሩ። ምክር ቤቱ ፊት የቀረበው ሐሳብ ጦር መላክ እንኳ አልነበረም፤ የመሣሪያ ማዕቀብና የጉዞ እገዳ ነው። 9 ድምፅ አገኘ። ሩሲያና ቻይና ግን ውድቅ አደረጉት። ለእኔ ይሄ በጣም ያማል።

የአፍሪካ ኅብረት መመሥረቻ ሰነድ ደግሞ በአንቀጽ 4 ጣልቃ መግባትን ይፈቅዳል፤ የጦር ወንጀል፣ የዘር ማጥፋት ወይም በሰብአዊነት ላይ የሚፈጸም ወንጀል ካለ። ኮሮጆ መስረቅ ብቻውን እዚህ ውስጥ አይገባም።

እስከዚህ ያለው ሕጉ ወረቀት ላይ የሚለው ነው። በተግባር የሚለያየው የጎረቤቶች ቁርጠኝነት ነው። በ2017 እ.ኤ.አ. የምዕራብ አፍሪካ አገሮች ወታደር ልከው፣ በምርጫ ተሸንፈው አልለቅም ያሉትን የጋምቢያውን ፕሬዚዳንት ያህያ ጃሜህን ከሥልጣን አስለቅቀዋል። ለዚምባብዌ ጎረቤቶቿ የመረጡት ሽምግልናን ነበር።