ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ

ይህ ምሳሌ የሚጣፍጠው የሎሚን ሽታ ለሚያውቅ ሰው ነው። በበዓል ቀን አንዲት ሎሚ በእጅ ይዞ እያሸተቱ መሄድ፣ ጥምቀት ላይ ደግሞ ጎረምሳው ለወደዳት ልጅ ሎሚ መወርወሩ የቆየ ልማድ ነው። ሃምሳውን በዘንቢል ሞልቶ ገበያ የሚያወርድ ሰው ግን ሽታው ትዝ አይለውም። ሃምሳ ሎሚ ያን ያህል አይከብድም የሚል ካለ፣ ሁለት ሰዓት በእግሩ ይዞት ይሂድና እናወራለን።

ዛሬ ምሳሌውን አዘውትረን የምንሰማው በእድር ስብሰባና በመዋጮ ጥሪ ላይ ነው። እኔ ግን በቁጥር ተሰልቶ ያየሁት በአጭር ርቀት የታንኳ ቀዘፋ ውድድር ነው።

ጀልባዎቹ ሁለት ዓይነት ናቸው። በካያክ ቀዛፊው ተቀምጦ፣ በሁለቱም ጫፉ ሰፊ በሆነ መቅዘፊያ ግራና ቀኝ ይቀዝፋል። በካኑ ደግሞ በአንድ ጉልበቱ ተንበርክኮ፣ በአንድ ወገን ብቻ ነው የሚቀዝፈው፤ መሪ ስለሌለው አቅጣጫውንም የሚያቃናው በዚያው መቅዘፊያ ነው። በእኔ ግምት ከባዱ ይሄኛው ነው። ኬ1፣ ኬ2፣ ኬ4 ሲባል ፊደሉ ካያክን፣ ቁጥሩ የሰዉን ብዛት ያሳያል፤ ካኑ ሲሆን ሲ1፣ ሲ2 እያለ ይቀጥላል። ከዚያ በጾታ፣ በዕድሜና በርቀት (200፣ 500፣ 1000 ሜትር) ይከፋፈላል።

አሁን ሸክሙን እንመዝን። በደንቡ ኬ1 ከ12 ኪሎ፣ ኬ2 ከ18፣ ኬ4 ከ30 ኪሎ በታች መሆን አይችልም። ጀልባው ለቀዛፊዎቹ ሲካፈል፣ ብቻውን ላለው 12 ኪሎ፣ ለሁለቱ ዘጠኝ ዘጠኝ፣ ለአራቱ ሰባት ተኩል ሰባት ተኩል ይደርሳቸዋል። ሎሚው ተካፈለ ማለት ነው።

ጌጡስ? የኒውዚላንዷ ሊሳ ካሪንግተን በፓሪስ 2024 ኦሎምፒክ በ500 ሜትር ሦስት ወርቅ ወስዳለች። ብቻዋን 1 ደቂቃ ከ47 ሰከንድ ገደማ፣ ለሁለት 1 ከ37፣ ለአራት 1 ከ32 ፈጅቶባታል። አንዲት ጓደኛ 10 ሰከንድ አተረፈችላት፤ ሌሎች ሁለት ሲጨመሩ የተገኘው ግን 5 ብቻ ነው። ጀልባው በፈጠነ ቁጥር ውሃው ይበልጥ ይገታዋላ!

ምሳሌው ያልነገረን ሌላም ነገር አለ። ሎሚውን እያንዳንዱ ሲያሻው ያሸተዋል፤ ኬ4 ላይ ግን የራስ ሰዓት የሚባል የለም። ፊተኛው ምቱን ይሰጣል፣ ሦስቱ ከኋላው እኩል ያጠልቃሉ። በዚያው ፓሪስ በወንዶች ኬ4 ጀርመን አውስትራሊያን የቀደመችው በሰከንድ 4 መቶኛ ብቻ ነው፤ ከአራቱ አንዱ መቅዘፊያውን አንዴ ቢያዘገይ ወርቁ ወደ ጎረቤት መስመር ይሄድ ነበር።