ለሕፃናት የሚታዘዝ የአንቲባዮቲክ ሽሮፕ አሰጣጥ በድሬዳዋ

አንቲባዮቲክ ሽሮፕ በባክቴሪያ የሚመጣን ሕመም ለማከም፣ ኪኒን መዋጥ ለማይችል ልጅ የሚታዘዝ ፈሳሽ መድኃኒት ነው። ድሬዳዋ ላይ በድል ጮራና በሳቢያን ሆስፒታሎች፣ በጤና ጣቢያዎችና በግል ክሊኒኮች ይታዘዛል፤ ለሳንባ ምች፣ ለጆሮ ሕመም፣ ለቶንሲል፣ ለቆዳ ቁስል። ሽሮፕ ይባል እንጂ ብዙው ከፋርማሲ ሲወጣ ገና ዱቄት ነው። የሚበጠበጠው ቤት ውስጥ፣ በእናት ወይም በአያት እጅ ነው። ሐኪሙ በትክክል አዝዞ፣ ፋርማሲስቱም በትክክል ሰጥቶ፣ ውሃው ወይም ልኩ ከተሳሳተ ልጁ የታዘዘለትን አላገኘም። ድሬ ላይ ደግሞ ሙቀቱ አለ።

በብዛት የሚታዘዘው አሞክሳሲሊን ነው። ብዙ ሰው ኦግመንቲን በሚለው ስሙ የሚያውቀው የአሞክሳሲሊንና የክላቩላኒክ አሲድ ድብልቅ፣ ሴፋሌክሲንና አዚትሮማይሲንም በዱቄት ይመጣሉ። ኮትሪሞክሳዞልና ሜትሮኒዳዞል ግን ተዘጋጅተው ያለቁ ናቸው፤ ውሃ አይጨመርባቸውም። አሞክሳሲሊን ዱቄት ሆኖ የሚሸጠው ውሃ ከነካው ጀምሮ ኃይሉ እየደከመ ስለሚሄድ ነው። ሙቀት ይህን ያፋጥነዋል።

አበጣበጡ እንዲህ ነው። ውሃው ፈልቶ የቀዘቀዘ ወይም የታሸገ ይሁን። የድሬ የቧንቧ ውሃ ማንቆርቆሪያ ላይ ነጭ ቅርፊት የሚተው ስለሆነ፣ ካፈሉት በኋላ አጥልሎ የላይኛውን መቅዳት ጥሩ ነው። ትኩስ ውሃ በፍጹም አይጨመርም። መጀመሪያ ጠርሙሱን መታ መታ አድርጎ ከታች የተጋገረውን ዱቄት ማላቀቅ። ከዚያ ግማሽ ያህል ውሃ ጨምሮ በደንብ መነቅነቅ። አረፋው እስኪወርድ ትንሽ መጠበቅ፣ ከዚያ ጠርሙሱ ላይ ያለው ምልክት ድረስ መሙላትና እንደገና መነቅነቅ። አረፋው ሳይወርድ በችኮላ የሞላ ሰው አረፋውን ውሃ ነው ብሎ ይቆጥረዋል፤ መድኃኒቱም ከልኩ በላይ ወፍራም ይሆናል። ይህ ከከበደ ፋርማሲስቱ እዚያው እንዲበጠብጥ መጠየቅ ነው፤ ነውር የለውም። ሁለት ጠርሙስ ከተሰጠ ሁለተኛው የመጀመሪያው እስኪያልቅ ዱቄት ሆኖ ይቆይ። የተበጠበጠበትን ቀን ጠርሙሱ ላይ በእስክሪብቶ መጻፍም ብዙ ጥርጣሬ ያስቀራል።

ድሬዳዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ የተቀመጠች ቆላ ከተማ ናት። ግንቦትና ሰኔ ላይ ቀን 35 ዲግሪና ከዚያ በላይ ይሞቃል። ቴሌቪዥን ላይ፣ መስኮት ደፍ ላይ ወይም ባጃጅ ውስጥ የተቀመጠ ሽሮፕ እዚህ ቶሎ ይበላሻል። የተበጠበጠ አሞክሳሲሊን ፍሪጅ ውስጥ ቢቀመጥ ይመረጣል፤ እንደ አምራቹ ከ7 እስከ 14 ቀን ይቆያል፣ የጠርሙሱን ጽሑፍ ማየት ነው። ኦግመንቲን ግን ያለ ፍሪጅ አይሆንም። አዚትሮማይሲን ፍሪጅ የግድ አያስፈልገውም። ቦታው የፍሪጁ መካከለኛ መደርደሪያ ነው፤ በረዶ ቤቱ ውስጥ አይገባም። መብራት ሲጠፋ የፍሪጁን በር ቶሎ ቶሎ አለመክፈት።

ቤት ውስጥ ፍሪጅ ከሌለ ይህን ለሐኪሙ ወይም ለፋርማሲስቱ ከመግዛት በፊት መንገር ይገባል። ፍሪጅ የማይፈልግ አማራጭ ሊኖር ይችላል። የጎረቤት ፍሪጅም ይጠቅማል፤ ድሬ ላይ ይህን እምቢ የሚል ጎረቤት እምብዛም አይገጥምም። አሞክሳሲሊኑ የግድ ቤት የሚያድር ከሆነ፣ በእርጥብ ጨርቅ የተሸፈነ የሸክላ ዕቃ ውስጥ ጥላ ያለበት ነፋሻ ቦታ ማኖር ከሙቀቱ ትንሽ ይገላግለዋል። ያም ሆኖ ፍሪጅን አይተካም።

ልኩ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል፤ ትልቁ ስሕተት እዚህ ነው። መጠኑ የሚሰላው በልጁ ኪሎ ነው። ስለዚህ ልጁ ሳይመዘን የታዘዘ ሽሮፕ ካለ «ይመዘንልኝ» ማለት ተገቢ ነው። አሞክሳሲሊን በ5 ሚሊ ሊትር ውስጥ 125 ሚሊ ግራም ወይም 250 ሚሊ ግራም ሆኖ ይመጣል። ካርቶናቸው ሊመሳሰል ይችላል። ባለፈው 125 የወሰደ ልጅ ዛሬ 250 ተገዝቶለት እንደለመደው 5 ሚሊ ሊትር ቢሰጠው እጥፍ ወሰደ ማለት ነው። የቤት የሻይ ማንኪያም ልክ የለውም፤ አንዱ 3፣ ሌላው 7 ሚሊ ሊትር ሊይዝ ይችላል። ከሽሮፑ ጋር የመጣው መለኪያ ወይም መርፌው የወጣለት ንጹሕ ሲሪንጅ ይሻላል። የሲሪንጁ ትንሽ ክዳን ቀድሞ ይጣል፤ ሕፃን ጉሮሮ ውስጥ ሊገባ ይችላልና። ጠርሙሱ በየጊዜው፣ ከመቀዳቱ በፊት ይነቅነቅ። ካልሆነ የመጀመሪያዎቹ ቀናት ቀጭን፣ የመጨረሻዎቹ ወፍራም ይሆናሉ።

አፍንጫ ይዞ መጋት የቆየ ልማድ ነው። ይህ ይቅር። ልጁ ትን ብሎት መድኃኒቱ ወደ ሳንባው ሊሄድ ይችላል። ቀና አድርጎ አቅፎ፣ በጉንጩ በኩል ጥቂት ጥቂት እያሉ፣ እስኪውጥ እየጠበቁ መስጠት ነው። አምርሮት እንቢ ካለ ከዋጠ በኋላ ጡት ወይም የሚወደውን ማስከተል ይቻላል። በሙሉ ጡጦ ወተት ውስጥ መቀላቀል ግን አይመከርም፤ ሳይጨርሰው ከተወ ምን ያህል እንደወሰደ አይታወቅም። ከ1 ዓመት በታች ላለ ሕፃን ማር አይሰጥም።

በቀን 3 ጊዜ ሲባል በየ8 ሰዓቱ ማለት ነው፤ ለምሳሌ ንጋት 12፣ ቀን 8፣ ማታ 4 ሰዓት። በቀን 2 ጊዜ ከሆነ ጠዋት 1ና ማታ 1 ሰዓት ይመቻል። ድሬ ላይ የሚረሳው የቀን 8ቱ ነው። በቀትሩ ሙቀት ሱቁ ይዘጋል፣ ሰው ይተኛል ወይም በርጫ ላይ ይቀመጣል። ስልክ ላይ ደወል መሙላት ይረዳል። የሚሰጠውም አንድ ሰው ቢሆን ጥሩ ነው፤ እናትም አያትም ሳይነጋገሩ ከሰጡ ልጁ ሁለት ጊዜ ይወስዳል። የተረሳ ካለ እንደታወሰ ይሰጣል፤ የሚቀጥለው ሰዓት ከደረሰ ይዘለላል፣ አይደረብም። 30 ደቂቃ ሳይሞላ ካስመለሰው እንደገና ይሰጠው፤ ደጋግሞ ካስመለሰው ወደ ሐኪም።

ልጁ በ2ኛው ቀን መጫወት ቢጀምርም የታዘዘው ቀን ሳይሞላ አይቋረጥም። የተረፈው ለሌላ ጊዜ አይቀመጥም፤ ለታናሹም ለጎረቤት ልጅም አይሰጥም። «አቦ፣ የኔን ልጅ ያዳነው ይሄ ነው እኮ» ብሎ የሚያቀብል ሰው ከፍቅር ነው። ነገር ግን ጉንፋንና አብዛኛው ሳል ከቫይረስ ስለሚመጣ አንቲባዮቲክ አይነካውም። በሕጉ አንቲባዮቲክ ያለ ሐኪም ማዘዣ አይሸጥም። ምንጩ ያልታወቀ የኮንትሮባንድ መድኃኒት ደግሞ እስከዚህ ድረስ በምን ሙቀት እንደመጣ ማንም ሊናገር አይችልም።

ከከተማው ወጣ ባሉ የገጠር ቀበሌዎች የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ለሳንባ ምች የሚሰጡት በውሃ የሚሟሟ አሞክሳሲሊን ኪኒን ነው። የዓለም ጤና ድርጅትም የሚመክረው ይህንኑ ነው። ማንኪያ ላይ በትንሽ ንጹሕ ውሃ ወይም በታለበ የእናት ጡት ወተት ይሟሟል። ፍሪጅ አይፈልግም፣ እንደ ሽሮፕ ጠርሙስ ሙሉ መበጥበጥም አያስፈልገውም። ለድሬ ዓይነት አየር ከሽሮፕ ይልቅ ይስማማል ብዬ አምናለሁ፤ ካለ መጠየቅ ይገባል።

መጠነኛ ተቅማጥ የተለመደ ነው፤ ጡትና ፈሳሽ አይቋረጥ፣ ኦአርኤስ ይሰጥ። ገላው ላይ ሽፍታ ከወጣ ቀጣዩን ሳይሰጡ ሐኪም ማማከር። ከንፈሩ ወይም ፊቱ ካበጠ፣ ትንፋሹ ካጠረው፣ መጥባትና መጠጣት ካቃተው፣ ካንቀጠቀጠው ወይም ራሱን ከሳተ ሰዓት ሳይጠበቅ በቅርብ ወዳለው ሆስፒታል ይወሰዳል፤ ጠርሙሱም አብሮ ይሂድ። በ2 ቀን ውስጥ ለውጥ ካላሳየም ሽሮፑን እየሰጡ ተመልሶ መታየት አለበት።