ሴንሰሪ ፕሮሰሲንግ ምንድን ነው? ከኦቲዝም ጋር አንድ ነው?

«ጆሮውን ከደፈነ፣ ዓይን ለዓይን ካላየ፣ እጁን ካርገበገበ በቃ ኦቲዝም ነው፤ ምን ምርመራ ያስፈልገዋል?» ሲል አንድ አስተያየት ሰጪ በሬዲዮ ሰማሁ። ያስፈልገዋል እንጂ! ወይዘሮ ዘሚ የኑስ ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን ከመሠረቱ ወዲህ የኦቲዝም ስም በየቤቱ መታወቁ ትልቅ ውለታ ነው። ለሁሉም ጠባይ ይለጠፍ ማለት ግን አይደለም።

ሴንሰሪ ፕሮሰሲንግ አንጎል ከሚደርሰው ድምፅ፣ ብርሃን፣ ንክኪና ሽታ የትኛውን ልብ እንደሚል፣ የትኛውን እንደሚያልፍ የሚለይበት ሥራ ነው። የበሽታ ስም አይደለም።

ለምሳሌ ፍራጃይል ኤክስ የሚባለው፣ በዘር የሚተላለፍና የአእምሮ እድገትን የሚነካ ችግር ያለባቸውን አዋቂዎች እንውሰድ። በኤክስ ክሮሞዞም ላይ ባለው ኤፍኤምአር1 ጂን ውስጥ የሚደጋገመው ቁራጭ ከ200 ጊዜ ሲያልፍ ጂኑ ይዘጋል፤ አንጎል የሚሻው ፕሮቲን ይጎድላል። አንጎልን እንደ ግቢ ዘበኛ አስቡት። በር ሲንኳኳ ይነሳል፤ የጎረቤት ልጅ መሆኑን ካወቀ ግን በሦስተኛው አይነሳም። የእነዚህ ሰዎች ዘበኛ ለእያንዳንዱ ማንኳኳት እንደ አዲስ ዱላውን ይዞ ይነሳል። አንድ ድምፅ እየደጋገሙ ያሰሙ የአንጎል ሞገድ ጥናቶችም ምላሹ እንደ ሌላው ሰው እንደማይረግብ አሳይተዋል። ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም የሚኖር የሠላሳ ዓመት ሰው ከጠዋት ጀምሮ የብረታ ብረት ቤቱ ግራይንደር፣ የታክሲ ረዳቱ ጥሪና ወፍጮው ሲፈራረቁበት፣ ከሰዓት በኋላ ዘበኛው ዝሎ በሩን ለወዳጅም ይዘጋል። ይሄኔ «ሰው አይወድም» ይባላል።

የሚያናድደኝ ይህ ነው። ሰው ይወዳል! ብዙዎቹ ሰላም ሊሉ እጃቸውን ይዘረጋሉ፣ ፊታቸውን ግን ያዞራሉ። ጭንቀት ነው። አገጩን ይዞ «እየኝ» ማለት ያባብሰዋል፤ ጎን ለጎን ተቀምጦ ማውራት ይሻላል።

ፍራጃይል ኤክስም ኦቲዝምም ያለባቸው ብዙ ናቸው፤ «ኦቲዝም የለበትም» ብሎ በጅምላ መካድም ስህተት ነው። ደግሞ አዋቂ ሰው በድንገት ጆሮውን መያዝ ወይም ራሱን መምታት ከጀመረ፣ አስቀድሞ ጆሮው፣ ጥርሱና ሆዱ ይታይለት። መናገር የሚቸግረው ሰው ሕመሙን በጠባዩ ነው የሚነግረን።

የፍራጃይል ኤክስ የጂን ምርመራ ለቤተሰቡም ነው። ድግግሞሹ ከ55 እስከ 200 የሆነባት እናት የወር አበባዋ ያለጊዜው ሊቆም ይችላል፤ አባቷም ተሸካሚ ከሆኑ በእርጅና እጃቸው ሊንቀጠቀጥ፣ እርምጃቸው ሚዛን ሊያጣ ይችላል። ሐኪሙ ስለ ልጁ ብቻ ከጠየቃችሁ፣ ስለ እናቱና ስለ አያቱም ንገሩት።